የልጃቸው ውሻ ቁርስ

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ አባባ» አለች የእንስሳት ሐኪሟ፣ ውሻዋን ከሚዛኑ ላይ እያወረደች። «እያዘኑላት አያጎርሷትም?»

ጡረታ የወጡት የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ውሻዋን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት። ባለፈው ወር ይቺው ሐኪም፣ ውሻዋ ከመጠን በላይ ስለወፈረች ልቧ እየደከመ ነው፣ በዚሁ ከቀጠለች ብዙ አትቆይም ብላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ በውሃ ብቻ ይቀቅላሉ፤ ትንሽ ሩዝና ካሮት ይጨምሩበታል፤ አልፎ አልፎም ጉበት። ጨው የለ፣ ዘይት የለ። ሽንኩርትም ለውሻ መርዝ ነው ስለተባሉ ከቤታቸው ጠፍቷል። ለራሳቸው ዳቦ በሻይ እያሉ ለእሷ ድስት ይጥዳሉ።

«እኔ እንኳ የማልበላውን ነው የማበላት» አሉ።

«ይሁና! ሚዛኑ ግን ጨምራለች ነው የሚለው። መቼም አየር በልታ አልወፈረች።»

ሆድ ብሷቸው ወጡ። ሥራ ላይ ሳሉ ውሻ ጠላታቸው ነበር፤ ያልተቦጨቀ ሱሪ አልነበራቸውም። ይቺን ልጃቸው ናት አግብታ ሩቅ አገር ስትሄድ ትታባቸው የሄደችው። «ለትንሽ ጊዜ ነው፣ አባዬ» ብላ ነበር። ያ ትንሽ ጊዜ ይኸው ዓመታት ሆነው። ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው «ውሻዬ እንዴት ናት?» ብላ ነው። ደህና መሆኗን ስትሰማ ደግሞ «በል እንግዲህ አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች። ውሻዋ ከሞተች ስልኩ ምን ብሎ ይደወላል? ይህን ሲያስቡ የሳቸውም ልብ ይደክማል።

በማግስቱ ጠዋት ውሻዋ ቁርሷን እንደጨረሰች ከአጥሩ ቆርቆሮ ሥር ባለው ቀዳዳ ሆዷን እየጎተተች ስትሾልክ ኮቴያቸውን አጥፍተው ተከተሏት። ጥቂት ቤቶች አልፋ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ በር ላይ ደርሳ አንዴ ጮኸች። በሩ ወዲያው ተከፈተ።

«መጣሽልኝ፣ የኔ እመቤት! ዛሬስ ምን አስረፈደሽ? እንቺ ዳቦሽን፤ ቅቤ በደንብ ቀብቼዋለሁ።»

ሰውየው ቀረብ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማን ልበል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የውሻዋ… ባለቤት ነኝ። ከዚያ ከጥጉ ቤት።»

«ውይ! ሰው አላት እንዴ? ያ ቤት እኮ ባዶ ነው የሚመስለኝ፤ ድምፅ የለ፣ ኮቴ የለ።»

በዚህ በር ስንት ዘመን እንደተመላለሱ ሊነግሯት አሰቡና ተዉት። ቆጣሪው የተሰቀለው ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ቁጥሩን ለማንበብ ማንንም መጥራት አላስፈለጋቸውም ነበር።

ሐኪሟ ያለቻቸውን ሲነግሯት ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ ጉዴ! እኔ ነኛ የምገድላት! ግን እኔ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ዳቦ ቤቱም ያውቃታል፣ ፀጉር አስተካካዩም ድብልብል እያለ ነው የሚጠራት።»

«ከእንግዲህ ምንም እንዳትሰጪያት፣ ልጄ።»

«ታዲያ ባዶ እጄን እንዴት ልቀበላት? ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር ነው የምፋጠጠው። የሆዴን የማጫውታት እኮ እሷን ነው።»

ውሻዋን ይዘው ተመለሱ። ቤት ገብተው ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈኑት። ውሻዋ ድንጋዩ አጠገብ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታቸው ተኛች። የተቀቀለውን ሲያቀርቡላት አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ማታም እንደዚያው፣ በማግስቱም እንደዚያው። መሀል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ውሻዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አሉ፣ ጀርባዋን እያዩ።

«በል እሺ፣ አባዬ።»

ስልኩን አስቀምጠው ወደ ቀዳዳው ሄዱ። የተዘጋ ቤት፣ ከግድግዳ ጋር መፋጠጥ፤ እሳቸውስ ለምደውታል። ውሻዋ ምን አጠፋች?

ድንጋዩን አነሱት። በሚቀጥለው ቀን የጠዋቱን ምግብ ቤት ውስጥ አልሰጧትም፤ በሳህን ይዘው አብረዋት ወጡ። እግረ መንገዳቸውን ዳቦ ቤቱና ፀጉር አስተካካዩ ጋ የተቀቀለ ካሮት አደረሱ፤ ስትመጣ ከዚህ ሌላ እንዳይሰጧትም ለመኑ። «ውሻ ናት ወይስ ጥንቸል?» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ፤ ካሮቱን ግን ተቀበላቸው።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርሱ ሳህኑን አቀበሏት። «ቁርሷ ነው። ካንቺ እጅ ትብላ። ምንም አትጨምሪበት።»

«ይባረኩ!» አለችና ከውሻዋ ጋር ገባች። በሩ ገርበብ አለ። እሳቸው ውጭ ቆመው ሰሙ፤ ስላልከፈላት ደንበኛ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ እህቷ ኩርፊያ፣ ሁሉንም ለውሻዋ ታወራለች። መሀል ላይ ትስቃለች። ምኑ እንዳሳቃት አልሰሙም።

ሳህኑን አጥባ ብቅ አለች። «ልሳ ጨረሰችው! ይስሙኝማ፣ ከነገ ጀምሮ ቁርሷን እኔው ልቀቅልላት። ሳህኑም እዚሁ ይቀመጥ። እሷ እንደሆነች መንገዱን ታውቀዋለች፤ እርስዎ ለምን ይደክማሉ?»

በቅን ልብ ነው ያለችው። ሰውየው ግን ሳህኑን ቶሎ ብለው ከእጇ ወሰዱ።

«አይ… ሌላ ሳህን የለኝም» አሉ። ልጃቸው ለሠርጓ ተሰጥቷት ትታው የሄደችው ሳህን ቁም ሣጥኑን ሞልቶታል። «ነገ እኔው ይዤው እመጣለሁ።»

«እንግዲህ እንደፈቀዱ» አለችና፣ ብርድ እንዳይገባ፣ በሩን ዘጋችው።

ውሻዋ ገና ውስጥ ነበረች። ሳህኑን ብብታቸው ሥር አድርገው አጥሩን ተደግፈው ይጠብቋት ጀመር።