ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ውሃ

በማላውቀው ከተማ ሆቴል ስይዝ ሻንጣዬን ከማስቀመጤ በፊት የክፍሉን በር ከውስጥ እዘጋለሁ፤ መልሼም እከፍታለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ከጥንቃቄ ብዛት ይቆጥሩታል። አልተሳሳቱም፤ ምክንያቱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ልጅ እያለሁ እናቴ ከአሶሳ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ፣ ዳቡስ ወንዝ ዳር ያለ አንድ አሮጌ ሆቴል ተከራይታ ታስተዳድር ነበር። ሆቴል የተባለው በእኛ ጊዜ ነው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ የተሠራው ወንዙ እስኪጎድል ለሚጠብቁ ነጋዴዎች ማረፊያ እንዲሆን ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ መስኮቶቹ ጠባብ፣ ጣሪያው ብቻ ኋላ ቆርቆሮ የለበሰ። ክረምት ሲገባ ዳቡስ ደፍርሶ እስከ ማንጎው ዛፍ ሥር ይመጣል። ያን ጊዜ ቤቱን የእርጥብ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ማንጎና የፋኖስ ጋዝ ሽታ ይሞላዋል።

በጓሮ በኩል መስኮት የሌላት አንዲት ዕቃ ቤት ነበረች። ነጋዴዎች ሰውም ይሸጡ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ አንዲት የታመመች ልጅ እዚያ አስገብተው በሩን ከውጭ ቀርቅረውባት ወንዙን ተሻገሩ ይባላል። ውሃው ከኋላቸው ሞላ፤ የተመለሰ የለም። ልጅቱ ሞተች፤ መንፈሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በሩን ሲያንኳኳ ተሰማ፤ የሰሙትም በየቀኑ ውሃ አስቀመጡለት፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ይመለሳል። ስለዚህ ማንኳኳት የሰማ ሰው ቅል ሙሉ ውሃ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ዞር ብሎ ሳያይ መሄድ ነበረበት። ልማዱን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያከብረው ነበር። ከወሎ በሰፈራ የመጣው ዘበኛችን ጋሽ ይመር ብቻ ይቀልድባት ነበር። “ካሉን እንግዶች ሁሉ በወጡ አንድ ቀን ያላማረረች እሷ ናት” ይላል፤ እናቴም በዓይኗ ትቆጣዋለች።

አንድ ሰኔ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኩኩሉ ስንጫወት እሱ ደፍሮ የማይገባበትን ቦታ መረጥኩ። ኮቴዬ እንዳይሰማ ነጠላ ጫማዬን ማንጎው ሥር አውልቄ፣ ዕቃ ቤት ገብቼ ከማሽላ ጆንያዎች ኋላ ተቀመጥኩ። ወንድሜ በእርግጥም አልደፈረም። ዝናብ ሲጀምር ጋሽ ይመር እየሮጠ መጣና ውስጡን ሳያይ በሩን ገፍቶ መወርወሪያውን ከውጭ ቀረቀረው።

ጮህኩ። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብና የወንዙ ድምፅ ጩኸቴን ዋጡት። ዝናቡ ሲያባራ ድምፄ ተዘግቶ ከጉሮሮዬ የሚወጣው የሻከረ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ማንኳኳት ጀመርኩ።

በበሩ ሥር ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር፤ በሆዴ ተኝቼ በዚያ አየሁ። ጭቃ የያዘ የጋሽ ይመር ጫማ መጥቶ ቆመ።

“እንግዳችን ዘንድሮ ቸኩላለች” አለ። በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ጫማው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደ።

ከወንዙ በኩል ስሜን ሲጠሩ ይሰማኝ ነበር። ኋላ እንደተነገረኝ፣ ነጠላ ጫማዬን ውሃው ጫፍ ላይ አግኝተው ዳቡስ ወስዷታል ብለዋል። ቀጥሎ ወደ በሩ የመጡት የእናቴ እግሮች ነበሩ፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ ያንጠባጥባል። ቅሉን ከደጃፉ አንድ ስንዝር አርቃ አስቀመጠችና ተንበረከከች።

“የኔ እናት፣ ውሃሽን አምጥቼልሻለሁ። አንቺም የሰው ልጅ ነሽ፤ ልጄን አትያዥብኝ። መልሺልኝ።”

ሳንቃውን በጥፍሬ ቧጠጥኩ። “እማዬ” ልል ስሞክር የወጣው ድምፅ እኔኑ አስደነገጠኝ። እናቴ ተነሣች፤ እንደ ልማዱም ዞር ብላ ሳታይ ሄደች። ጣቴን አሾልኬ ወደ ቅሉ ዘረጋሁ፤ አልደረሰም።

አንሶላ የምታጥብልን እማማ ዘይነብ የዚያው አገር የበርታ ብሔር ተወላጅ ነበረች፤ አማርኛን ያወቀችው ጎልምሳ ስለሆነ ሴቱንም በወንድ ትጠራለች። የታጠበውን ተሸክማ ስታልፍ ቆመች።

“ያንኳኳል እኮ። ለምን አይከፍትም?”

“እሷ ናት እማማ ዘይነብ፣ ተይ” አለ ጋሽ ይመር ከሩቅ። “አይከፈትም።”

“ጂን በር አይፈልግም። በር የሚያንኳኳ፣ መውጣት ያቃተው ነው።”

መወርወሪያው ሲነሣ የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ የሚተካከል አላገኘሁም። “ና ውጣ ልጄ” አለችኝ፤ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋው። እናቴ ከጓሮው ጥግ ተመልሳ አየችኝ፤ አላቀፈችኝም። ቅሉን አንሥታ ወደ አፌ አቀረበችው፤ ግማሹ አንገቴ ላይ ፈሰሰ። ሳይመሽ ያንን መወርወሪያ ይዛ ወርዳ ዳቡስ ውስጥ ጣለችው።

ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል አልፌ ነበር። ሆቴሉ ፈርሷል፤ የቀረው የዕቃ ቤቷ ግድግዳና በር አልባ ደጃፏ ነው። እዚያ ማንጎ የምትሸጥ ወጣት፣ በሩ ከወለቀ ወዲህ ማንኳኳቱ ቀርቷል አለችኝ፤ እንደ ተራ ነገር።

ልጅ ሳለሁ የሚያስፈራኝ፣ ልጅቱ ከሞተች በኋላ ማንኳኳቷ ነበር። ዛሬ ታሪኩን ስመረምረው፣ ሞታለች ያለው ማን እንደሆነ አላገኘሁም፤ በሩን የከፈተ አልነበረምና። እናቴ ይህን በዚያው ቀን የተረዳችው ይመስለኛል። ልጅቱ ሦስት ቀን አንኳኳች፤ ከዚያ ቆመ። በእያንዳንዱም ቀን አንድ ደግ ሰው ውሃ አስቀምጦላት፣ ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።