በዘንዶው ላይ የጨመርኩት ሃያ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ቀርቤ ጾም አፍርሻለሁ፣ ሰው አምቻለሁ ብዬ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን ዋጥ አድርጌ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? «አባ፣ ጌም ውስጥ ያለ የዘንዶ ቁጥር ቀየርኩ» ልበል? እኔ የቀየርኩት ግን የሰው ሕይወት ነው።

አራት ሆነን ወልድያ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራየናት ክፍል ኦንላይን ጌም እንሠራ ነበር። ስምንት ተጫዋቾች ተባብረው አንድ ዘንዶ የሚገጥሙበት፣ እኛ ሬይድ የምንለው ትልቅ ፍልሚያ ነበረው። የዘንዶውን ጥንካሬ የምወስነው እኔ ነበርኩ። ተጫዋቾቹ ደረጃ በደረጃ የሚያገኙትን ትጥቅ የሚያወጣው ደግሞ የመርሳ ከተማው ልጅ እንድሪስ።

እንድሪስ «የተሸነፈም ባዶ እጁን አይመለስ» ባይ ነበር። ተጫዋቾቹ በሞከሩ ቁጥር ጋሻ ወይም ጥሩር ያገኛሉ፤ እየጠነከሩ ሄደው በሦስተኛው ዘንዶውን ይጥሉታል። እኔ ትጥቅ ለአሸናፊ ብቻ ነው እል ነበር። ሁለቱ ጓደኞቻችን ወደ እሱ አዘነበሉ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ስምንት ተማሪዎች ክፍላችን ጠርተን የእሱን ሐሳብ ልንሞክር ተስማማን።

እንደምሸነፍ አውቅ ነበር። ሒሳቡን አይቼዋለሁ፤ ያምር ነበር። ስለዚህ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና የዘንዶውን ምት ከአርባ ወደ ስልሳ አደረስኩት። እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋፋኝም።

ተማሪዎቹ ገጠሙ፣ ወደቁ። ጋሻ አገኙ፣ እንደገና ገጠሙ፣ ወደቁ። በሦስተኛው ዘንዶው በሁለት ምት ሲጨርሳቸው አንዷ ማዳመጫዋን አወለቀችና «ይሄማ ሹፈት ነው!» አለች። እንድሪስ ደብተሩን ያገላብጣል፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ እኔ ዞረ።

«እስኪ በአላህ እህቴ፣ የዘንዶው ቁጥር አልተነካም አይደል?»

«አልተነካም» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለምን አልተንቀጠቀጠም? እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የአስር ሰላት ሊሰግድ ወጣ። እሱ ግንባሩን መሬት ላይ በደፋበት ሰዓት እኔ ኮቴውን እያዳመጥኩ ቁጥሩን ወደ አርባ መለስኩት። ሲመለስ ራሱ ከፍቶ አየ። አርባ። ደብተሩን አጠፈ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ በሁላችንም ፊት።

እኔም ሰማሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝምታስ ባልከፋ፤ ትከሻውን ይዤ አጽናናሁት!

በሳምንቱ ሥራውን ትቶ መርሳ ገባ። ጌሙ እኔ ባልኩት መንገድ ተሠራ።

ባለፈው ወር ከደሴ ስመለስ መኪናው መርሳ ላይ ቆመ። ውኃ ልገዛ ወርጄ ከእንድሪስ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እዚያው መንገድ ዳር ስልክ ይጠግናል። ናፍቆቱ! እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ።

«እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ?» ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን ምን እንዳጠፋሁ ዛሬም አልገባኝም፣ ወላሂ። ከዚያ ወዲህ ራሴን አላምንም። ስልክ ጠግኜ እንኳ ሌላ ሰው ካላየልኝ ለባለቤቱ አልሰጥም።»

መናገር እችል ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ ግን ጡሩምባው ነው የከለከለኝ? አይደለም። «ቸኩለህ ይሆናላ» አልኩትና ተሳፈርኩ። እኔ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ጨዋታ እኮ ነው አልልም። ነገ መርሳ እወርዳለሁ። ይቅር ማለትም አለማለትም የእሱ ፈንታ ነው። አስቀድሜ ለእናንተ የጻፍኩት ፊቱ ስቆም «ግን» የምትል ቃል እንዳታመልጠኝ ነው። የምለው ይህንኑ ብቻ ይሆናል፦ እንድሪስ፣ ሒሳብህ ልክ ነበር። ቁጥሩን የነካሁት እኔ ነኝ።