ጉማሬዋ የምታልፋቸው ልጆች

ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ ከባሕሩ የሚወጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ቁንዝላ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከታንኳ ማቆሚያው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አባቴ አመሻሹ ላይ መረቡን ይዞ ይወጣል፤ እናታችን ታናሽ ወንድሜን ጀማልን በወለደች በዓመቷ ስለሞተች እኛን የሚያስተኙን የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘሃራ ነበሩ።

እትዬ ዘሃራ ልጅ ማስተኛት ያውቁበታል። ያኔ በቤታችን የግድግዳ ሰዓት ባይኖርም አንድም ቀን አላዛነፉም። የመግሪብ ሰላታቸውን ሰግደው ሲነሱ እግራችንን ለብ ባለ ውሃ ያጥቡናል፣ ቂጣ በወተት ፈትፍተው ያጎርሱናል፣ እኔን ወደ ግድግዳው ጀማልን ወደ ውጭ አድርገው ከደንገል ሣር የተሠራው ምንጣፍ ላይ ያጋድሙናል፣ ኩራዙን ዝቅ ያደርጉታል፣ ትንኝ እንዳይበላን ደግሞ ፍም በገል አድርገው ከእግራችን በኩል ኩበት ያጨሳሉ። ጭሱ ዓይን ያቃጥል ነበር፤ ግን ያ ጭስ ካልሸተተኝ ቀኑ ያለቀ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ተረቱ ይመጣል።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰዎች ልጇን በጦር የገደሉባት ጉማሬ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲመሽ ከውሃው እየወጣች በየቤቱ ቀዳዳ ታያለች። ዓይኑ የተገለጠ ልጅ ካገኘች፣ ድምፁን የሰማችው ልጅ ካለ፣ በልጇ ፋንታ ይዛው ትገባለች። ዓይኑን ከድኖ ዝም ያለውን ግን የሞተ ይመስላታል፤ «ይኸም እንደ ልጄ ነው» ብላ ታልፈዋለች። እትዬ ዘሃራ ይህን በለሆሳስ ይጨርሱና ቀስ ብለው ይወጣሉ። ጥቂት ቆይቶ ከውጭ አንድ ነገር የቤቱን ግድግዳ እየፋቀ ሲዞር፣ በአፍንጫውም ሲያናፋ እንሰማለን። እኛም እንሞታለን። ጀማል ገና አፉን ሳይፈታ መሞት ያውቅ ነበር፤ ክንዱን ወደ ጎኑ ለጥፎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ።

ጀማል ሦስት ዓመት በሞላው ክረምት አንድ ምሽት ንፋስ ተነሣ። ተረቱ አልቋል፣ ኩራዙ ዝቅ ብሏል፣ ፋቂው ግድግዳውን ይዞራል። መጀመሪያ የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። ቀጥሎ ዓሣ ከፍም ላይ ሲወድቅ እንደሚሸተው ሸተተኝ። የጀማል እግር ከእግሬ ጋር ተነካክቶ ነበርና ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ጣቴንም ያዘኝ። ንፋሱ ከገሉ ያነሣው ፍም የለበስነውን ጋቢ ጫፍ ይዞት ኖሯል። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሳት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እሷ ከግድግዳው ማዶ እየተነፈሰች ነበር። ዝም ካልን ታልፋለች ብዬ አሰብሁ። የወንድሜን እጅ ጨበጥሁት። እንዲያለቅስ አልነበረም የጨበጥሁት፤ እንዳያለቅስ ነው።

ማዕበሉ አላሠራ ብሎት ቶሎ የተመለሰው አባቴ ሽታው ተቀብሎት ገባና እግራችን የታጠበበትን ውሃ ደፋበት። እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እጃቸው ላይ ጫፉ የግድግዳችንን ጭቃ የያዘ አሮጌ የታንኳ መቅዘፊያ አለ። ጉማሬዋን ያየኋት ያኔ ነው።

አባቴ ጀማልን አቅፎ እግሩን ወደ ኩራዙ አቀረበው። ትንሿ ጣት ከስላለች፤ ሁለቱ ተጣብቀዋል።

«ለምን አላለቀስህም፣ ልጄ?»

«ሞቼ ነበር» አለ ጀማል።

እትዬ ዘሃራ ሁለት ቀን አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶች ሊጠይቁ ሲመጡ እንባቸውን ጠርገው፣ እኔ ያሳደግሁትን ልጅ እሳት እንኳ አያስነሣውም፣ እናንተ ግን ልጆቻችሁን በዱላም አታስተኙም፣ አሉ። ሴቶቹ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ኋላ ሳቁ። በሳምንቱ አንዲቱ ጎረቤት አልተኛ ያላትን ልጇን ይዛ መጣች፤ ሌላዋ ተከተለች። ምንጣፉ ላይ አራት አምስት ሆነን በረድፍ እንሞት ጀመር። የመንደሩ ልጆች ጀማልን «ጥብሱ» አሉት፤ ስሙ ጸናበት። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረም። ቢናገር ማን ያሳድግለት ነበር?

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ተዳርሁና ባሕር ዳር ገባሁ። ልጄ ሃያት ሁለት ዓመት አልፏታል። እንቅልፍ የላትም። ባሌ ፋብሪካ ነው የሚሠራ፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ስነግራት ወረቀት ላይ እየጻፈች መከረችኝ፤ በየቀኑ ሰዓቱን አታዛንፊ፣ እጠቢያት፣ መብራቱን አደብዝዥው፣ ስልኩን አርቂው፣ አጭር ተረት ንገሪያት፣ ሁልጊዜ ያንኑ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። እትዬ ዘሃራ ፊደል አልቆጠሩም፤ ከስልኩ በቀር አንድ የሳቱት የለም።

ሁሉንም አደረግሁ። ስለ ዳክዬ ተረት ፈጠርሁላት፤ «ከዚያስ?» ትላለች። ስለ ዓሣ፤ «ከዚያስ?» ትላለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች። በአራተኛው ምሽት አከራይዋ ግድግዳውን ደበደቡ። ባሌ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ቁንዝላ ልጅ ማስተኛትም አያስተምሩም?» አለኝ። ስቆ ነው ያለው። እኔ ግን ተነሥቼ መብራቱን አጠፋሁና ስለ ጉማሬዋ ነገርኋት። እጄ መንገዱን ያውቀው ነበር፤ ወጥቼ በመጥረጊያው እንጨት የቆርቆሮውን አጥር እየፋቅሁ በአፍንጫዬ አናፋሁ። ስመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። «ይኸው፣ ያውቁበታልሳ» አለ ባሌ። አልዋሽም፣ ያን ምሽት ጣፋጭ እንቅልፍ ተኛሁ። በነጋታውም ነገርኋት። በሦስተኛውም ቀን።

በሳምንቱ ጀማል ዓሣ ይዞልን መጣ። አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ታንኳ ይሠራል፣ ዓሣ ያመላልሳል፣ በሞቃቱ ቀንም ካልሲውን አያወልቅም። ሃያትን ሳጥባት እያየ ነበር። ሳስተኛት እያየ ነበር። ተረቱን እሱ ባለበት ለመናገር አፍሬ ዘለልሁት፤ እሷ ግን መብራቱ ሲደበዝዝ ራሷ ክንዷን ወደ ጎኗ ለጠፈች፤ ከንፈሯን ገጠመች።

«ይኸው ተኛች» አልሁት።

ጀማል ከመቀመጫው ተነሥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። ጣቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረና በውስጥ እግሯ ከተረከዟ እስከ ጣቷ ሳበው። እግሯን አልሰበሰበችም። የዓይኗ ቆብ ግን ተርገበገበ።

«አልተኛችም» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «ሞታ ነው።»

በእሳቱ ምሽት እጁን ለምን እንደጨበጥሁት ያውቅ እንደሆነ ልጠይቀው እያሰብሁ አልጠየቅሁትም። በነጋታው ጫማውን አስሮ ሄደ።

ተረቱን ትቼዋለሁ። ጉማሬዋ ልጇን አግኝታ ወደ ባሕሩ ተመለሰች ብዬ ለሃያት ነግሬያታለሁ፤ ሰማችኝ፣ «ከዚያስ?» ግን አላለችም። ሰዓቱን አላዛንፍም፣ አጥባታለሁ፣ መብራቱን አደበዝዛለሁ። አታለቅስም። ባሌ ደስ ብሎታል፤ አከራይዋም ጨዋ ልጅ ነው ያለሽ ይሉኛል። እኔ ግን መሽቶ ሁሉም ጸጥ ሲል አጠገቧ እቀመጥና፣ «ሃያት፣ እናትሽ ነኝ፤ ተኝተሻል?» እላታለሁ። የተኛ ልጅ አይመልስም። ያ ዓይኑን ከድኖ የሚሞተውም አይመልስም። እጇን እይዛለሁ፤ እንዳልጨብጠው ግን እጠነቀቃለሁ።