ኔትወርክ ፍለጋ የዞረችው ጀልባ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። ጊዜው ቢርቅም ዛሬም ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ የያዝሁትን ሥራ እተዋለሁ። ለማን እንደምነግረው ሳላውቅ ቆይቼ ነው አሁን የምጽፈው።

ባለቤቴ መላኩ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ጀልባ ነጂ ነው። እኔ የምሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። መላኩ አይጠጣም፣ አያመሽም። ያለበት አባዜ ፋንታሲ የሚሉት የስልክ ጨዋታ ብቻ ነው። ለማታውቁት፣ ተጫዋቹ ከእንግሊዝ የእግር ኳስ ሊግ ልጆች እየመረጠ የራሱን ቡድን ይሠራል። የመረጣቸው ልጆች እዚያ ሜዳ ላይ ሲያገቡ እሱ እዚህ ነጥብ ያገኛል። ካፒቴን ያደረገው ልጅ ነጥብ ደግሞ እጥፍ ይሆንለታል። በየሳምንቱ ጨዋታ ሳይጀመር ቡድኑን ማስተካከል አለበት፤ ሰዓቱ ካለፈ ይዘጋበታል።

የወደቡ ነጂዎች በዚህ ጨዋታ እርስ በርስ ይወዳደራሉ። ያን ሰሞን አንደኛ መላኩ ነበር። ቤታችን ውስጥ ራት ላይ የሚነሳው የማናውቀው ሰው ጉልበት ነው፤ ማን ተጎዳ፣ ማን ዳነ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ በነበረችበት ሳምንት እንኳ ኮሪደር ላይ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ አግኝቼው አልቅሻለሁ። ያኔ ግን ተናደድሁ እንጂ አልፈራሁም።

የዚያን ቅዳሜ ተሳፋሪዎቹ ደቅ ደሴት ላይ ለሚከበር ንግሥ የሚሄዱ ነበሩ። እኔም ስለት ስለነበረብኝ አብሬ ተሳፈርሁ። ጠዋት ልንነሳ ነበር፤ ናፍጣ ጠፍቶ ስንጠብቅ ቀኑ ተጋመሰ። ከጎኔ የተቀመጡት ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ከዱርቤቴ የመጡ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሐይቅ ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ገና ገመዱ ሳይፈታ እጄን ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ "ልጄ፣ የሚነዳው ሰው ያውቅበታል?" አሉኝ።

"ባለቤቴ ነው እማማ፤ አይስጉ" አልኋቸው። ኮራ ብዬ ነው ያልሁት።

ልንነሳ ስንል የመላኩ ጓደኛ ወደቡ ላይ ቆሞ፣ "መላኩ! ካፒቴንህ ተጎድቷል፤ ዛሬ አይገባም!" ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደንግጠው "ማነው የተጎዳው?" አሉ። የኳስ ነገር እንደሆነ ነገርኋቸው። መላኩ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርኩ እምቢ አለው። ሰዉ "መሸብን እኮ" ማለት ሲጀምር ሞተሩን አስነሳ።

መሀል ሐይቅ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። መላኩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ስልኩን ወደ ላይ እያነሳ ያያል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያነሳል። ውኃው ጸጥ ብሏል። ሰዉ ይዘምራል። ትንሽ ቆይቶ በግራዬ የነበረችው ፀሐይ ጀርባዬን ስታሞቀው ጀልባዋ እንደዞረች ገባኝ። ወደ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ኮረብታው ላይ የስልክ ማማ ወደሚታይበት በኩል እየሄድን ነው።

ጠጋ ብዬ "ወዴት ነው?" አልሁት።

"ነፋስ ይመጣል፤ ጥግ ጥጉን ብንሄድ ይሻላል" አለ፤ ሰዉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። አብረውን የነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ "አዋቂ ልጅ ነው" ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ግን ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ስልክ በርቶ ይታየኛል።

ነፋሱ እውነትም መጣ። ማዕበሉ መነሳት ሲጀምር መላኩ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ከፊታችን የተዘረጋውን አረንጓዴ ነገር እኔ ቀድሜ አየሁት። የሣር ሜዳ ይመስላል። "መላኩ!" ብዬ ስጮህ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ውስጥ ገብተናል። ሞተሩ አጓራ፣ አቃሰተ፣ ጠፋ።

ዝማሬው ቆመ። ማዕበሉ የጀልባዋን ጎን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ውኃ እየዘለለ እግራችን ሥር ገባ። አንዲት ሴት ደንግጣ ስትነሳ ጀልባዋ ወደ ጎን ጋደል አለች፤ መላኩ "አትነሱ! ማንም እንዳይነሳ!" ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ከእምቦጩ መሀል ከባድ ትንፋሽ ተሰማ።

"ምንድን ነው የተነፈሰው?" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጉማሬ ነው። ዝም በሉ፤ በልባችሁ ጸልዩ" አሉ።

ጆሮዎቹን አየኋቸው። ትናንሽ ጆሮዎች፣ ከኋላቸው እንደ ጥቁር አለት የሆነ ጀርባ። ጉማሬ ጀልባ እንደሚገለብጥ ጣና ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የጀልባችን ሞተር ከሥር ስለሆነ የተጠመጠመበትን አረም ለመቁረጥ ውኃ ውስጥ መግባት ግድ ነው። መላኩ ሸሚዙን አወለቀ። ወገቡን በገመድ አስሮ ጫፉን ለእኔ ሰጠኝ። "ሁለት ጊዜ ከሳብሁት ጎትቺኝ" አለ። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይን ዓይኔን አላየኝም። ቢላዋውን ይዞ ገባ።

ገመዱ እጄ ውስጥ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ደግሞ ሲሄድ ይሰማኛል። ከሥራችን ቢላዋው ብረት ሲነካ ቋ ይላል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወገቤን አቅፈው ይዘውኛል። ቀና ስል ጆሮዎቹ የሉም። ጉማሬው ጠልቋል።

እያየሁት ስፈራ የነበረው ለካ ምንም አልነበረም። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ባሌም ታች ነው፣ እሱም ታች ነው። ምልክቱን ሳልጠብቅ ገመዱን ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትሁት። መላኩ እያሳለ ብቅ አለ።

"ምን ሆነሽ ነው? ገና ነው!" ብሎ ተቆጣኝ። ትንፋሹን ሰብስቦ ተመልሶ ገባ። መሪጌታ ከኋላዬ መጥተው ገመዱን አብረውኝ ያዙ። ቁርጥራጭ እምቦጭ ወደ ላይ መንሳፈፍ ጀመረ። ጉማሬው ከየት በኩል እንደሚወጣ ዓይኔ ሲንከራተት፣ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ።

ጎትተን አወጣነው። ክንዱ ተቧጥጦ ይደማል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አለበሱት። መሪጌታ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው መረቁት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እያለቀሱ ጉልበቱን ሳሙት።

ቀና ብሎ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል፣ "ሰዓት ስንት ነው?" የሚል ነበር።

"አሥር ሊሆን ነው ልጄ። አይዞህ፣ ሳይመሽ እንገባለን" አሉት መሪጌታ። ለእኛ የተጨነቀ መስሏቸው ነው።

መላኩ ዓይኑን ጨፈነ። ቡድኑ እንደተዘጋበት የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። በዚያች ቅጽበት ከጉማሬው ይልቅ ባሌን ፈራሁት።

ሞተሩ ተነሳ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ደቅ ገባን። ሰዉ ያገኘውን ሁሉ "ይህ ልጅ ነው ያተረፈን" ይለዋል። መላኩ አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ይቀበላል። እኔ ስለቴን ላደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። በማግስቱ ንግሡ አልቆ ልንመለስ ወደ ዳርቻው ስንወርድ ግን፣ "ካልነገርሃቸው አልሳፈርም" አልሁት።

"ምን ብዬ?"

"የሆነውን።"

መላኩ ተሳፋሪዎቹ ፊት ሄዶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ የዞረው ነፋስ ፈርቶ ሳይሆን ኔትወርክ ፍለጋ እንደነበረ ነገራቸው። የጨዋታውን ነገርም አልደበቀም። መሪጌታ ጆሯቸውን አላመኑም፤ አስደገሙት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ወዲያው ገባቸው።

"እነዚያን ኳስ ተጫዋቾች ታውቃቸዋለህ?" አሉት።

"አላውቃቸውም እማማ።"

"እነሱስ ያውቁሃል?"

"አያውቁኝም።"

"እኔን ግን ታውቀኛለህ። እጄን ይዘህ ያሳፈርኸኝ አንተ ነህ።"

ጓዛቸውን አንስተው፣ ሌላ ጀልባ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ብለው እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ተሳፈሩ፤ ባሕር ዳር እስክንገባ ድረስ ግን መዝሙር ያነሳ ሰው አልነበረም።

መላኩ ፋንታሲውን አልተወም። ትቻለሁ ቢለኝም አላምነውም ነበር። ቡድኑን ዓርብ ማታ ቤት ሆኖ ይጨርሳል፤ ሐይቅ ላይ ሲወጣ ስልኩን ሣጥን ውስጥ እንደሚቆልፍበት ይምልልኛል። አብሬው ስለማልሳፈር አላይም። ክፉ ሰው አይደለም። ያን ቀን እዚያ እምቦጭ ውስጥ የከተተን እሱ ነው፤ ጉማሬ ያለበት ውኃ ውስጥ ገብቶ ያወጣንም እሱ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ እስካሁን አቅቶኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነፋሱ ሲበረታ ልደውልለት ስልኬን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ቢያነሳው፣ ስልክ ይዞ ኔትወርክ ወዳለበት ዞሯል ማለት ነው። ባያነሳው ደግሞ የሚመጣብኝን ሐሳብ አልችለውም። ስለዚህ አልደውልም። ነጠላዬን ደርቤ ወደ ወደቡ እወርድና፣ የጀልባዋ ድምፅ እስኪሰማኝ ድረስ ዳር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።