ውሃ የሌለው ቦይለር

የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነበር። ዊንጌት ከታክሲ ወርጄ ጉለሌ ወዳለው ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካችን በእግሬ ገባሁ። እዚያው ጥገና ክፍል ስድስት ዓመት ስለሠራሁ፣ ቦይለሩን አብጠርጥሬ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

የቦይለር ኦፕሬተሩ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ በዕድሜም በሥራም አንጋፋ። መዝገቡን ገለጥኩት። የውሃው መጠንና የእንፋሎቱ ግፊት በየሰዓቱ ይጻፍበታል። ሰዓቱ ሦስት ነው፤ መዝገቡ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ተሞልቷል።

"ጋሽ ታደሰ፣ ስድስት ሰዓት መቼ ደረሰና ነው?"

"ልጄ፣ ሁልጊዜ ግማሽ ነው፤ አይለወጥም" አሉና የውሃ ማሳያ መስታወቱን አሳዩኝ።

እውነትም ግማሽ ነበር። ግን ቦይለር ሲሠራ ውሃው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ይሄኛው ፍንክች አላለም።

የመስታወቱን ማፍሰሻ ከፍቼ ዘጋሁ። ውሃው ወረደ፤ አልተመለሰም። ዝቅ ብሎ ያለውን መሞከሪያ ቧንቧ ስከፍት በውሃ ፋንታ እንፋሎት ብቻ ጮኸ። ቦይለሩ ውስጥ ውሃ አልቋል ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ ወደ ውሃ ፓምፑ ሮጡ።

"አይንኩት!" ብዬ እጃቸውን ጨምድጄ ያዝኩ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ግን በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። እሳቱን አጥፍቼ ይዣቸው ወጣሁ። ከግድግዳው ማዶ ጨርቅ የሚያጣጥፉት ሴት ሠራተኞች ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

የምርት ክፍል ኃላፊው ደወሉ። "እንፋሎቱ የት ሄደ? ጨርቁ ቀለም ውስጥ ነው እኮ!"

"ጨርቁ ይበላሽ። ሰዎቹን አሁኑኑ ያስወጡልኝ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"የፈረቃው ኃላፊ እኔ ነኝ" አልኩ። ሰዎቹ ወጡ፤ ማንም አልተጎዳም።

በማግስቱ ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሲከፈት የውስጥ ቱቦዎቹ ጎብጠዋል። የመስታወቱ መግቢያ በደለል ተደፍኗል። ውሃ ሲጎድል እሳቱን በራሱ የሚያጠፋው መሣሪያም በሽቦ ታስሯል።

ሽቦውን ሳየው ክው አልኩ። ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ጥገና ክፍል እያለሁ መሣሪያው ያለ ምክንያት እሳቱን እያጠፋ ሲያስቸግር፣ ለጊዜው ብዬ አስሬው ረሳሁት። ጋሽ ታደሰን ለመውቀስ ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ ተውኩት።

ሪፖርቱ ላይ መጀመሪያ የራሴን ስም ጻፍኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ተገቢ ነበር።

ፈረቃ የሚመራ ሰው የተጻፈ ቁጥር አይበቃውም፤ መሣሪያውን ራሱ ይፈትሻል። የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ከፈታ ወይም ካሰረ ደግሞ፣ ከክፍሉ ሳይወጣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል።