ባቡር ያቆመው ሰውዬ ሒሳብ

አሥመራ የተላክሁት ሳይንስ በአማርኛ እንዳስተምር ነው። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ትግርኛው ከክፍል ወጥቶ በቦታው አማርኛ ገብቷል፤ ከአማርኛው ጋር ደግሞ እኔ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ባር ስገባ ወንበር ይስቡልኛል፣ ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ብቸኝነት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ገጀረት በሚባለው ሰፈር ክፍል ያከራዩኝ ሽማግሌ ግን ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ወደ አገሩ የሚመለስ አሜሪካዊ ወታደር ሸጦላቸው ነው። የሚታየው ከአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር የሚሰራጨው ብቻ ነበር፤ እሱም በእንግሊዝኛ። እንደ አገሩ ልማድ አቦይ እላቸዋለሁ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅም የላቸውም። በጣሊያን ጊዜ ፍሬናቶሬ ነበሩ፤ ባቡሩ ከአሥመራ ወደ ምፅዋ ቁልቁል ሲወርድ ፉርጎው ላይ ቆመው የፍሬኑን መዘውር በእጃቸው የሚጠመዝዙ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የጋራ ግድግዳችንን ሲያንኳኩ ደብተሬን ይዤ እሮጣለሁ።

የምናየው ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ኃይል ያገኘ ባለ ጭምብል ሰውዬ ነው። ያለ ክንፍ ይበራል፣ በግድግዳ አሳልፎ ያያል። አቦይ በየመሐሉ፣ «መምህር፣ እዚ ይከኣል ድዩ? በሳይንስ ይቻላል?» ይሉኛል። እኔም ደብተሬን ገልጬ አስረዳለሁ፦ አየሩን ወደ ታች ሳይገፋ ወደ ላይ አይነሳም፤ ከፎቅ የወደቀችውን ሴት በክንዱ ቢቀልባት ክንዱ ከአስፋልቱ አይለሰልስላትም። እሳቸው «ሓቅኻ» እያሉ ይስቃሉ። ከሳምንቱ ሰባት ቀን ሰው የሆንኩት በዚያች አንድ ሰዓት ነው።

አንድ ቅዳሜ ሰውዬው ፍሬኑ የተበጠሰበትን ባቡር ፊት ለፊት ቆሞ በመዳፉ አስቆመው። እኔ እንደ ልማዴ ደመርኩ፣ አባዛሁ። ክንዱ ምንም ቢበረታ ጫማው መሬቱን የሚቆነጥጠው በክብደቱ ልክ ነው፤ ባቡሩ እንደ መጥረጊያ እየገፋው ይሄዳል፤ ጫማው መንገድ ላይ ጊንዳ ሲደርስ ያልቅና ምፅዋ በባዶ እግሩ ይገባል አልኳቸው። አቦይ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

ቀስ ብለው አንድ ሌላ ሒሳብ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጉም በወረደበት ጧት፣ ሾፌሩ ፍሬን አጥብቁ ብሎ ሲያፏጭ እሳቸው ሲጋራ እየለኮሱ ነበር። አሥር እስኪቆጠር ድረስ ዘገዩ። ባቡሩ አመለጠ፤ ከኋላ ያለው ፉርጎ ጠመዝማዛው ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ተገለበጠ፤ እዚያ ላይ የነበረው ጓደኛቸው ሞተ። የፉርጎውን ብዛትና ክብደት፣ የቁልቁለቱን ልክ፣ ፍጥነቱን፣ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። ፉጨቱን እንደሰሙ ጠምዝዘው ቢሆን ባቡሩ ይቆም ነበር ወይ? ጥያቄያቸው ይህ ነበር።

ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለተማሪ አስተምራለሁ እንጂ ለራሴ አልተማርኩትም። ሒሳቡ ሲገጥምልኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ይቆም ነበር» አልኳቸው፤ «ጠመዝማዛው ጋ ሳይደርስ።»

አቦይ ሒሳቡን የሠራሁበትን ወረቀት ተቀበሉኝ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ «የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግድግዳው አልተንኳኳም። በሌላውም አልተንኳኳም። ደጅ ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ግን ከስተው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱና እስኪመሽ አይመለሱም።

ለፋሲካ ዕረፍት ወደ ምፅዋ በባቡር ወረድኩ። ነፋሲት ላይ ስንቆም አንድ ፍሬናቶሬ ከመንኮራኩሩ አጠገብ እጄን እንዳላስጠጋ ከለከለኝ። የፍሬኑ ብረት ግሎ ይሸታል። ቁልቁለቱን ይዞ ሲወርድ እንዲህ ከጋለ በኋላ መንኮራኩሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክሰውም፤ በዚያ ላይ ጉም ሐዲዱን ካረጠበው ማርያምን መጥራት ነው አለኝ። ክው አልኩ። እኔ የሠራሁት በመጽሐፉ ቁጥር ነው፤ በመጽሐፉ ብረት አይግልም፣ ሐዲድም አይረጥብም። እዚያው ተቀምጬ እንደገና ሠራሁት፤ ብረቱን ትንሽ አግዬ፣ ሐዲዱን ትንሽ አርጥቤ። አይቆምም ነበር። አቦይ በፉጨቱ ቅጽበት ቢጠመዝዙም አይቆምም ነበር።

ምፅዋን በቅጡ ሳላይ በማግሥቱ ተመለስኩ። ሻንጣዬን እንደያዝኩ አንኳኳሁና ስህተቴን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ስለ ጋለው ብረት፣ ስለ ጉሙ። አቦይ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ብረቱ እንደሚግል እኔ ጠፍቶኝ ነው ወይ?» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት በሱ ነው የተጽናናሁት። አንተ ይቆም ነበር ስትለኝ ግን፣ ሳይንስ እሱንም ቆጥሮታል ማለት ነው ብዬ አመንኩ።»

አልቆጠርኩትም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ያለው ነው ትክክሉ እያልኩ አዲሱን ወረቀት ዘረጋሁላቸው። አላዩትም።

«ያን ቀን እንዲህ ብለኸኝ ቢሆን አምንህ ነበር» አሉ። «አሁን አዝነህልኝ ነው፣ ወደይ፣ ልጄ። ደግ ልጅ ነህ።»

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ትክክለኛው መልስ በእጄ ነበር፤ የሚቀበለኝ ግን አልነበረም።