መንገደኛ የወጣበት ቤት

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ወጣ። ሳሎኑ መሃል ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት የጫማው ጭቃ ቀርቷል። ልጠርገው መጥረጊያ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

አባዬም ሾፌር ነበር። አቃቂ በሰቃ እንኖር በነበረ ጊዜ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እሱ በወጣበት ጠዋት እናቴን ላስደስት ብዬ ቤቱን ጥርግ አድርጌ አቧራውን ደጃፍ ላይ ከመርኩት። እናቴ ከገበያ ስትመለስ አየችው።

«ምነው ልጄ! መንገደኛ ወጥቶ ሳይመለስ ቤት ይጠረጋል? እንደወጣ ይቀራል እኮ!» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ተንበርክካ አቧራውን በእፍኟ እያፈሰች መልሳ ወለሉ ላይ በተነችው። «ያ አላህ፣ ልጅ ናት፤ አታውቅም» ትላለች።

ዘጠኝ ቀን በዚያ አቧራ ላይ ተረማመድን። የከባድ መኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር እናቴ ድስቷን እሳት ላይ ትታ በሩ ላይ ትቆማለች። በአስረኛው ቀን አባዬ ሲገባ፣ ሰላም እንኳ ሳትለው መጥረጊያዋን አነሳች። ጠርጋ ስትጨርስ ነው ቀና ብላ ያየችው።

ዛሬ ከሰዓት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ጭቃውን ዘላ አለፈች።

«እማ፣ ልጥረገው?»

«ተይው» አልኳት። «የአባትሽ ነው።»